በድሩ አባት የለውም

ልጄ ሙዘይን ጌም ይሠራል። ሥራ ነው ይለዋል፤ እኔም ሰው ሲጠይቀኝ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው እሑድ ጓደኞቹን ሰብስቦ መጥቶ ሳሎኔን ሞልተው ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ጭቅጭቁ ተጫዋቹ ሌላ ሰው ሆኖ፣ የሌላ ሰው ስምና ታሪክ ይዞ አገር ለአገር ስለሚዞርበት የጌም ዓይነት ነው። ጥሩ የሚያሰኘው ምንድን ነው? አንዱ ታሪኩ ነው አለ። አንዷ የለም፣ የመረጥከው ነገር ኋላ ላይ ዞሮ ሲመጣብህ ነው አለች። ሙዘይን ሁሉንም አስጨርሶ፣ እንደ እድር ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ተጫዋቹ ራሱን ሲረሳ ነው» አለ። «ማለቴ፣ በቃ፣ እቤቱ ቁጭ ማለቱ ትዝ ካላለው ጌሙ ሠርቷል።»

ሻይ እያቀረብኩ ነበር። ትሪውን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ልጄ በኮምፒውተር የሚፈልገውን ጨዋታ ወንድሜ ሳቢት በሳሙና ካርቶን ላይ ሠርቶት ነበር። እኔም ተጫውቼዋለሁ፤ ምን እንደተጫወትኩ ግን ያኔ አልገባኝም።

ዘመኑ ሰማንያ ሁለት ነው፤ ሰፈራችን ጉለሌ፣ ከዊንጌት ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር። አባቴ ሙሐዲን እዚያ ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ ይሸጣል። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሳቢት አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቁመቱ ከአባቴ በልጧል፤ ያን ዓመት ግን ከግቢ አይወጣም። ከጓደኞቹ ይልቅ ከእኛ ከትንንሾቹ ጋር መጫወት የወደደ መስሎኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ጉራ ነዛሁበት።

ነገሩ ሌላ ነበር። ሰሜን ላይ ጦርነቱ ሰው እየጨረሰ፣ ወጣት ወንድ ከታክሲ ፌርማታ፣ ከኳስ ሜዳ፣ አንዳንዴም ከሠርግ ቤት እየታፈሰ የሚጫንበት ዓመት ነው። እናቴ ቶይባ የግቢውን በር በቀን ስንት ጊዜ ሄዳ እንደምትነካካ አይ ነበር። መቀርቀሪያው የተበላሸ ይመስለኝ ነበር።

ጨዋታው «ኬላ» ይባላል። ሳቢት ትልቁን ካርቶን ዘርግቶ በከሰል መንገድ ሣለበት፤ ከዊንጌት ተነስቶ በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔ፣ በዲላ አድርጎ እስከ ሞያሌ። ከሞያሌ ወዲያ ካርቶኑ ባዶ ነው። «ወዲያስ?» ስለው «ወዲያማ ሲደረስ ነው የሚታየው» አለኝ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቆርኪ እንይዛለን። ከመነሳታችን በፊት ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን፣ ምን እንደያዝንና ምን እንደደበቅን መናገር አለብን። የጎረቤታችን የእትዬ ብርቅነሽ ልጅ ስለሺ ሁልጊዜ ሾፌር ነው፤ መኪናውም ሁልጊዜ ፍሬን የለውም። እኔ ሙሽራ ነኝ። ባሌ ሞያሌ ይጠብቀኛል፤ ስሙን ግን እስከ መጨረሻው አልወሰንኩም።

«ዝናብ ጣለ፤ ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው። ምን ታደርጊያለሽ?» ይለኛል ሳቢት።

«የአንገት ሀብሌን እሰጣቸውና በጀርባቸው ያሻግሩኛል።»

«ጥሩ፤ ተሻገርሽ።»

ደስ ብሎኝ ቆርኪዬን እገፋለሁ። ትንሽ እንደሄድኩ ጠባቂው፣ ያው ሳቢት ራሱ ድምፁን አወፍሮ፣ «ሀብል የሌላት ሙሽራ ደግሞ ምን ዓይነቷ ናት? ውረጂ» ይላል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ነበር። «አይሆንም» ብሎን አያውቅም፤ ያልነውን ሁሉ ይቀበልና ኋላ ላይ ያስከፍለናል። ስለሺ እንደ ሾፌር ሳይሆን እንደ ስለሺ ከሳቀ ወድቋል፤ እንደገና ከዊንጌት ይነሳል። እናቶቻችን ለምሳ ጠርተው ጠርተው ሲሰለቻቸው ሳህኑን እዚያው አጠገባችን ያስቀምጡልን ነበር።

በመጀመሪያ ሳቢትም እንደኛ ሰው ይለዋውጥ ነበር፤ አንድ ቀን ሐኪም ነው፣ አንድ ቀን በቅሎው የጠፋበት ባላገር። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ግን በድሩ የሚባል ሰው ያዘና አልለቅ አለ። በድሩ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ጎማ ይቀይራል፣ ጭነት ያስራል። አባት የለውም፤ ማን እንደወለደውም አያውቅም፤ ሾፌሮች ያሳደጉት ልጅ ነው። ከበድሩ ጋር መጓዝ እንቅልፍ ያመጣል።

«ሌላ ሰው ሁን እንጂ፤ በድሩ ሰለቸኝ» አልኩት።

«እኔንም ሰልችቶኛል» አለ፤ ቆርኪውን ግን አልቀየረም።

በድሩ በወረቀት ላይ የነበረ ሰው ነው። አባቴ በሰው በሰው አድርጎ በዚያ ስም የይለፍ ወረቀት አውጥቶለታል። የጭነት መኪና ያለ ረዳት ስለማይንቀሳቀስ ረዳቶችን አይነኳቸውም ይባል ነበር። የአባቴ ወዳጅ ሾፌሩ ዋቅጋሪ እስከ ሞያሌ ሊወስደው፣ ከዚያም ድንበሩን ከሚያሻግረው ሰው ጋር ሊያገናኘው ተስማምቷል። ይህን እናቴ የነገረችኝ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣን ነው። እኔ ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ መጥቶ ጨዋታችንን አበላሸብን።

ከሰዓት ነበር። አባቴ ሱቁን ለእናቴ ትቶ መጣና የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አጠገባችን ተቀመጠ። እንኳን ሊጫወት ስንጫወት ቆሞ አይቶን አያውቅም። ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ግን ያንን መንገድ ጨርቅ ጭኖ ለዓመታት ተመላልሶበታል፤ ኬላ ምን እንደሆነ ከማናችንም በላይ ያውቃል። «ከዛሬ ጀምሮ ጠባቂው እኔ ነኝ» አለ። ከግቢው በር ወጣና ተመልሶ ገባ። ሳቢት ከካርቶኑ አጠገብ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለው አባቴ።

ተቀመጠ። አባቴ ወጥቶ ገባ። ሳቢት ተነሳ።

«ለኬላ ጠባቂ ብድግ የሚል ረዳት የት አይተሃል?»

«ሳላስበው እኮ ነው፣ አባባ።»

«አባባ ማነው? በድሩ አባት የለውም። ተቀመጥ።»

በእኛ ቤት አባት ሲገባ የተቀመጠ ሰው ይነሳል። ለአባት ብቻም አይደለም፤ ጢሙ ለነጣ ለማንም ይነሳል። ሲሰጥም ሲቀበልም በሁለት እጅ ነው። ይህን ያስተማረን አባቴ ራሱ ነው፤ ሳቢት ትንሽ ልጅ ሳለ ረስቶ ቁጭ ቢል አርጩሜ አንስቶበታል። ሳቢት ታዲያ ትምህርቱን በደንብ የተቀበለ ልጅ ሆነ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከሩቅ ሲያዩት ፈገግ ይሉ ነበር፤ እናቶችም ለልጆቻቸው እሱን ነበር የሚጠቅሱት። አሁን ያው አባቴ መጥቶ ያንን ሁሉ ካላወጣህ አለው።

በየቀኑ ሆነ። አባቴ ይወጣል፣ ይገባል። «ወረቀት» ይላል። ሳቢት ያቀብላል። «በአንድ እጅ» ይላል አባቴ። «ክርንህን አትደግፍ። እኔን አትየኝ፣ ጎማውን እይ።» ሳቢት እሺ ይላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግራ እጁ ሳያውቀው ወደ ቀኝ ክርኑ ይሄዳል። ጉልበቱ ሳያውቀው ይነሳል። አንዳንዴ ግማሽ ድረስ ተነስቶ ትዝ ሲለው እዚያው ላይ ይቆማል፤ እኔና ስለሺ እንስቃለን። አባቴ ግን አይስቅም። አንድ ጊዜ ትከሻውን በሁለት እጁ ተጭኖ ይዞ «ቁጭ በል፣ ቁጭ በል በቃ» ሲለው ድምፁ ተሰበረ። ተናዶ መሰለኝ። አባቴን ፈራሁት፤ ጠላሁትም።

እናቴም ያን ሰሞን ጤናዋን አልነበረችም። ንጽሕና ብላ በየቅዳሜው ሁለት ጊዜ የምታጥበን እናቴ አዲስ ሰማያዊ ቱታ አምጥታ ግራሶ ትቀባው ጀመር። ጉልበቱ ላይ ቀብታ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ረግጣ፣ እንደገና ትቀባዋለች። ሳቢትም ማታ ማታ እጁን ግራሶ ውስጥ ነክሮ ጥፍሩ ሥር እስኪገባ ያሸዋል። እኔ ብሆን ኖሮ ጆሮዬ ይቆነጠጥ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ምስር እየለቀመች ሳለ አባቴ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠና ሲያወሩ ሰማሁ።

«አይለቀውም» አላት። «በእንቅልፉም ቢሆን ይነሳል።»

«ያሳደግከው አንተ ነህ፤ ምን ይሁን እንግዲህ?»

«ምነው እንዲህ አድርጌ ባላሳደግኩት።»

እኔ ሳቢትን በማሳደጉ የቆጨው መሰለኝና ለወንድሜ አለቀስኩለት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሳቢት ቱታውን ለብሶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጭድ ያኝካል። አባቴ በበሩ ገባ። እኔና ስለሺ ተነሳን። ሳቢት አልተነሳም።

«ወረቀት» አለ አባቴ።

ሳቢት ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሳያየው ወረወረለት። ወረቀቱ አባቴ እግር ሥር ወደቀ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነሳው። አባቴ ለማንም ጎንበስ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

«አባትህ ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ሳቢት፤ ጭዱን ተፋ። «አንተ ካገኘኸው ለእኔም ንገረኝ።»

በእኛ ቤት አባትን «እርስዎ» ነው የምንለው። ስለሺ እንኳ፣ በሰው አባት፣ አፉን በእጁ ሸፈነ። እኔ አርጩሜውን ጠበቅሁ። አባቴ ግን «እለፍ» አለ። ወረቀቱን መለሰለት፤ ወደ ሱቁ ሄዶ በጠራራ ፀሐይ በሩን ከውስጥ ዘጋ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጨምራ ነክሳ ይዛው ነበር።

በማግስቱ ስነሳ የሳቢት ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ሳቢት የት ሄደ?»

«ሰው ከጠየቀሽ ለዘመድ ሠርግ አገር ቤት ሄዷል» አለች እናቴ። «ከሰው ፊት ስሙን እንዳትጠሪ።»

ለመረዳት ሌላ ምንም አላስፈለገኝም። አባቱን «አንተ» ብሏል፣ ወረቀት ወርውሮበታል፤ አባቴም አባሮታል፤ ስሙን ማንሳትም ከልክሏል። ስለሺም በዚህ ተስማማ። ካርቶኑን ዘርግተን ለመጫወት ሞከርን፤ እኔ ጠባቂ፣ እሱ ሾፌር። ከሞጆ ሳናልፍ ተጣላን።

ዋቅጋሪ የመጣው ሳምንት ሳይሞላ ነው። የጨው ጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጬ ስኳር ስቅም ሁለቱ ገቡና አባቴ በሩን ገርበብ አደረገው። ዋቅጋሪ ግዙፍ ሰው ነው፤ ያን ቀን ድምፁ ግን አይሰማም ነበር።

«ሞጆን አለፍን። ዝዋይን አለፍን። ሻሸመኔ ላይ እንዲያውም ከወታደሮቹ ጋር ሲጋራ ተቀባበለ። እኔ ራሴ ረዳቴ መሰለኝ፣ ጋሼ ሙሐዲን።»

«እሺ» አለ አባቴ።

«ከሻሸመኔ ወዲያ ባለው ኬላ ወታደሮቹ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ሊፈትሽ የመጣው አንድ ሽማግሌ ሚሊሺያ ነው። ጢሙ ድፍን ነጭ። በጭንቅ ጋቢናው ላይ ወጣ።» ዋቅጋሪ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «ልጁ ብድግ አለ። ጭንቅላቱ ከጣሪያው እስኪጋጭ ብድግ አለ። ‹ይቀመጡ፣ አባባ› ብሎ እጁን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ሳበው።»

አባቴ የሚዛኑን ድንጋይ አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ሽማግሌው መጀመሪያ መረቀው። ከዚያ ዓይን ዓይኑን ሲያየው ቆየና ‹ይሄ ልጅ አባት አለው› አለ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ደስ ብሎት፣ ጮክ ብሎ ነው ያለው። ታች ያሉት ሰምተው ተነሱ።»

«ስሙን ተናገረ?»

«በድሩ ነኝ እንዳለ ነው፤ መኪና ላይ ሲጭኑትም እንደዚያው ነው። ወረቀቱን ማን እንዳወጣለት ቢደርሱበት እርስዎም ወይዘሮዋም አትተርፉም። እንዳትፈልጉት። ከዚያ የያዟቸውን ወደ ታጠቅ ማሰልጠኛ ነው የሚያመጡት፤ በዚሁ በደጃችሁ ነው የሚያልፉት።»

ብዙው አልገባኝም፤ አንዱ ግን በደንብ ገባኝ። ሳቢት ለሽማግሌ ተነስቷል። ጠባዩ ተመልሶለታል ማለት ነው፤ አባቴም ይህን ከሰማ ይቅር ይለዋል፤ ሳቢት ይመጣል። ከጆንያው ጀርባ በኋላ በር ሾልኬ ወጣሁና እየሮጥኩ እናቴ ጋ ሄድኩ። «እማ፣ ሳቢት እኮ ለሽማግሌ ብድግ አለ» አልኳት። እናቴ እጇን አናቷ ላይ ጭና መሬት ላይ ተቀመጠች። ምሥራች ብዬ እጄን ዘርግቼ ፊቷ ቆምኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ አለቀ። የተረፉት በእግራቸው፣ በባዶ እግራቸው ጭምር፣ ወደ ከተማው ሲገቡ አባቴ በየመንገዱ እየቆመ ጠየቀ። ምን ብሎ ይጠይቅ? ሳቢት ሙሐዲን የሚባል ወታደር የትም አልተመዘገበም። በድሩ የሚባል ሞቶ ቢሆን ደግሞ አባት ለሌለው ልጅ መርዶ ለማን ይነገራል? እስከ ዛሬ የነገረን የለም። አባቴም ሳይነገረው ሞተ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን መኪናዎቹ ነበሩ። ዋቅጋሪ ከሄደ ጀምሮ አባቴ ወደ ታጠቅ የሚሄድ የመኪና ሰልፍ በመጣ ቁጥር ሱቁን ትቶ መንገድ ዳር ይቆማል። እናቴን አያስችላትም ብሎ አይወስዳትም፤ እኔን ግን እጄን ይዞ ያወጣኛል። ልጁን ይዞ መንገድ የሚያሻግር ሰው ለመምሰል እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ መንገድ ማሻገር የጀመረው እኔንም ሊያባርረኝ ሲለማመድ መስሎኝ እጄን አጥብቄ እይዘው ነበር።

ሳቢትን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በአንድ ረፋድ ነው። ሦስት ክፍት የጭነት መኪናዎች ከዊንጌት በኩል መጡ። ከሸጎሌ ገበያ የተገዙ ከብቶች መንገዱን ሞልተውት ስለነበር የፊተኛው መኪና ልክ ሱቃችን ፊት ለፊት ቆመ። ላዩ ላይ ልጆቹ ራሳቸውን ተላጭተው፣ አንዱ በአንዱ ጉልበት መሃል ተቀምጠው ተጠቅጥቀዋል። መንገደኛው ዳር ይዞ ቆመ። ከላይ የሰፈር ስም፣ የእናት ስም እየጠሩ «ደህና ነው በሏት» የሚሉ አሉ። ሳቢት ከጠርዙ በኩል ነበር። ቱታውን ለብሷል። ድንጋይ ብወረውር ሳይሆን እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቅርብ ነው።

አየን። ሳቢት አባቴን አየ፤ እኔን አየ። መንገደኛ መንገደኛን እንደሚያይ ነው ያየን። ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም፤ ፊቱም ላይ ምንም የለም። አኩርፎ መሰለኝ። ተነስ ልለው ፈለግሁ፤ አባባ ፊት ቆሟል፣ ብትነሳለት ይቅር ይልሃል ልለው። አፌን ስከፍት የአባቴ እጅ ከነላምባ ሽታው መጥቶ አፌን ገጠመው። ታገልኩት፤ ጣቱን ነከስኩት። አልለቀቀኝም።

ላይ የቆመው ወታደር እኛን ተመልክቶ ወደ ሳቢት ዞረ። «ታውቃቸዋለህ?»

ሳቢት እንደገና አየን። «እነማንን?» አለና ፊቱን ወደ ከብቶቹ መለሰ።

ከብቶቹ አለፉ። መኪናው ተነስቶ የአስኮን መንገድ ይዞ ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አባቴ እጁን ከአፌ ላይ አነሳ። ጣቱ ይደማ ነበር። መንገዱን እያየ፣ በጣም በቀስታ፣ «ጎበዝ» አለ።

ለእኔ ያለኝ መሰለኝ። ንዴቴ ሳይበርድ «አልጮህኩም» አልኩት። ዞር አለና፣ አጠገቡ መቆሜን ገና እንዳየ ሰው፣ ዝም ብሎ አየኝ።